ረጅም ጸጉር፣ ሙዚቃና አፈንጋጭነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በአብዛኛው የተለቀሙት ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ጸጉር ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረፋ የሚጠብቁ አባቶች፣ ጸጉራቸውን ላለመቆረጥ የሚከራከሩ ልጆች፣ ሁለቱንም እየሰማ መቀሱን የማያቆም ባለሙያ በሚገናኙባት በዚያች ቤት ስለ ጸጉር የማይነሣ ነገር የለም። ጥቂቶቹ ደግሞ ከሐረር ወዳጆች የመጡ ናቸው። የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት (ዓ.ም.) ጽፌዋለሁ።

ወንድ ሙዚቀኛ ጸጉሩን ማሳደግ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ብዙ ሰው ታሪኩን ከቢትልስ ይጀምራል፤ ነገሩ ግን ከእነርሱ ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሀንጋሪው ፒያኖ ተጫዋች ፍራንዝ ሊስት እስከ ትከሻው በሚወርድ ጸጉሩ የታወቀ ነበር፤ አድናቂዎቹም ከጸጉሩ ቁራጭ ለማግኘት ይሻሙ ነበር። እንዲያውም በአሜሪካ «ረጅም ጸጉር» የሚለው አጠራር ሮክ ከመምጣቱ በፊት የክላሲካል ሙዚቃ ሰዎችን ለማሾፍ ያገለግል ስለነበር፣ ቃሉ ከመድረክ ጋር የቆየ ዝምድና አለው።

በ1950ዎቹ ደግሞ ኤልቪስ ፕሪስሊ መጣ። ጸጉሩ ዛሬ ረጅም የሚባል አልነበረም፤ በቅባት ተለስልሶ ከግንባር ወደ ላይ የተቆለለ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1958 ለውትድርና ተጠርቶ ሲሸለት፣ ፎቶ አንሺዎች በዙሪያው ተሰብስበው እንደ ትልቅ የአገር ጉዳይ ቀርጸውታል። በእኛም አገር «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» እየተባለ ይጠራ የነበረው ዓለማየሁ እሸቴ ድምፁን ብቻ ሳይሆን አበጣጠሩንም ከዚያው ዘመን ነበር ያመጣው።

ቢትልስ ኒው ዮርክ የገቡት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1964 ሲሆን፣ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ ወደ 73 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቷቸዋል። ግንባራቸውን የሸፈነውን ያን አቆራረጥ ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ያገኙት በ1961 ፓሪስ ውስጥ ከአንድ ጀርመናዊ ፎቶ አንሺ ወዳጃቸው ነው። የዚያን ጊዜ ፎቷቸውን ዛሬ ያየ ሰው ግራ ይገባዋል፤ ጸጉራቸው የሸሚዝ ኮሌታ እንኳ በቅጡ አይነካም፤ በዚያ ጸጉር ዛሬ የባንክ ሥራ ማመልከት ይቻላል። ይሁን እንጂ ለዚያ ዘመን አባቶች ያ ጸጉር ድፍረት ነበር።

ጸጉር ያህል ነገር ይህን ያህል ለምን አስቆጣ?

በምዕራቡ ዓለም አጭር ጸጉር የወታደር ጸጉር ስለነበረ ነው። የ1960ዎቹ ወጣቶች አባቶች ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጉ ወይም በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ለእነርሱ የተላጨ ማጅራት ማለት ሥርዓት፣ ንጽሕናና ወንድነት ማለት ነበር። ልጁ ጸጉሩን ሲያሳድግ አባቱን ብቻ ሳይሆን አባቱ የቆመለትን ሁሉ እምቢ ያለ ይመስል ነበር። የቬትናም ጦርነት ሲከር ደግሞ መምሰሉ ቀርቶ በእርግጥም እምቢታ ሆነ፤ ዘማች በመጀመሪያው ቀን የሚነጠቀው ጸጉሩን ስለሆነ፣ ጸጉሩን ያሳደገ ወጣት አልዘምትም ማለቱን ሳይናገር ያሳውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ላይ የተሰበሰበው ከ400,000 በላይ ሕዝብ እርስ በርሱ የሚተዋወቅበት አንዱ ምልክት ይኸው ነበር።

ጠቡ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ1966 በዳላስ ከተማ የአንድ ሮክ ባንድ አባላት የነበሩ ሦስት ተማሪዎች በጸጉራቸው ምክንያት ከትምህርት ቤት በር ተመልሰው ክስ መሠረቱ፤ በ1968 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1964 አንድ የ17 ዓመት እንግሊዛዊ ጸጉራም ወንዶችን ከጭካኔ ለመከላከል ማኅበር አቋቁሜያለሁ ብሎ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር። ያ ልጅ በኋላ ዴቪድ ቦዊ ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው። ነገሩ ግማሹ ቀልድ ቢሆንም ቀልዱ የሚያስቀው ጭቆናው እውነት ስለነበር ነው።

መንግሥታት በእርግጥ የሰው ጸጉር ያስቆርጡ ነበር?

አዎን። ያውም በአንድ ርዕዮተ ዓለም የሚታማ ጉዳይ አልነበረም፤ ቀኝም ግራም መቀስ አንሥቷል። በ1970ዎቹ ሲንጋፖር ውስጥ ጸጉራቸው የረዘመ ወንዶች በመጨረሻ እንደሚስተናገዱ የሚገልጽ ማስታወቂያ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተለጥፎ ነበር፤ ሌድ ዜፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1972 ሊያቀርበው የነበረው ኮንሰርት የተሰረዘውም በዚሁ የተነሣ ነው። በደቡብ ኮርያ በፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን ፖሊሶች ወጣቶችን መንገድ ላይ እያስቆሙ ይቆርጡ ነበር። በአፍሪካም የማላዊው ፕሬዚዳንት ሄስቲንግስ ካሙዙ ባንዳ የወንዶችን ረጅም ጸጉር ከሴቶች ሱሪና አጭር ቀሚስ ጋር አብረው ከልክለዋል፤ ክልከላው አገር ጎብኚውንም አይምርም ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ የቼኮዝሎቫኪያው ነው። በ1966 ጸጉራም ወጣቶችን እየያዙ የመቁረጥ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ የተባለ ጸጉራም የሮክ ባንድ የመጫወት ፈቃዱን ተነጥቆ በድብቅ ሲጫወት ቆየና፣ በ1976 አባላቱ ታስረው ለፍርድ ቀረቡ። ያን ችሎት ተከታትለው የተቆጡ ምሁራን፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ቫክላቭ ሃቬል አንዱ ሆኖ፣ በጥር 1977 «ቻርተር 77» የተሰኘውን የመብት ሰነድ አወጡ። ሃቬል ከ12 ዓመት በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ባንዱ ፖለቲካ አልዘፈነም ነበር ማለት ይቻላል፤ ፖለቲካ ያደረገው የከሰሰው መንግሥት ነው።

አፍሮም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል?

ይቆጠራል፤ ትርጉሙ ግን ይለያል። የነጩ ወጣት ጸጉሩን ሲያሳድግ አባቱን ይቃወም ነበር፤ ጥቁሩ አሜሪካዊ ግን አፍሮ ሲያደርግ በኬሚካልና በጋለ ብረት ጸጉሩን ሲያስተኙለት ከኖሩበት ልማድ ወጥቶ በተፈጠረበት ጸጉር መቅረቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ አንጄላ ዴቪስን ለመያዝ የበተነው ፎቶግራፍ አፍሮዋን በመላው ዓለም አስተዋወቀው፤ እርሷ በ1972 ከክሱ ሁሉ ነጻ ስትወጣ ጸጉሩ ከእርሷ ቀድሞ ዝነኛ ሆኗል።

አጎቴ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ የድሬዳዋ ፎቶ ቤት የተነሣው ምስል ቤታችን ውስጥ አለ። አፍሮው ከትከሻው ሊሰፋ ምንም አልቀረውም፤ ፎቶ አንሺው ጫማውን ለማስገባት ብሎ ይመስላል ከላይ የጸጉሩን ጫፍ ቆርጦታል፤ ከጆሮው በላይ ደግሞ ሚዶው እንደ ተሰካ ነው፤ ረስቶት ይሁን ለጌጥ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ሱሪው ቤል ቦተም ነው። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ዕቃ ድሬ ላይ ስለሚራገፍ፣ የዓለም ፋሽን እዚህ የሚደርሰው ብዙ ሳይዘገይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ አለባበስና ጸጉር የተማሪው ዐመፅ አካል ሲሆኑ፣ በእኛ አገር ግራ ዘመሙ ተማሪ ለፋሽን ጥሩ ዓይን አልነበረውም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቀረበውን የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃውመው ረብሻ ተነሥቷል። ስለዚህ «የስድሳዎቹ ጸጉራም ሁሉ አብዮተኛ ነበር» የሚለውን ጨዋታ በጥንቃቄ መስማት ይሻላል።

ጸጉር ማሳደግ የፈረንጅ ባህል አይደለም ወይ?

በጸጉር ቤቷ ውስጥ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚያነሡትም አብዛኛውን ጊዜ አባቶች ናቸው። አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ አልስማማም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ የተሠሩ ንጉሥ ነበሩ፤ ሦስት ጉንጉን አድርገው ወደ ኋላ የለቀቁት ጸጉራቸው ዛሬም በቲሸርት ላይ ሳይቀር ይታተማል። ጎፈሬ ደግሞ የጦረኛ ጸጉር ነበር። በጣልያን ወረራ አምስት ዓመታት በዱር የቆዩት አርበኞች ጸጉራቸው እንደ ጫካ አድጎ፣ የአንዳንዶቹም ተገምዶ ከትከሻቸው ወርዶ በፎቶግራፍ ይታያል። ቃሉን ራሱን እንመልከተው፦ የአንበሳው የአንገት ጸጉር ጎፈር ይባላል፤ ጀግናው በራሱ ላይ የሚደፋውም ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ ነው፤ የሰውየውም ጸጉር ጎፈሬ ነው። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሲከበር ዛሬም ጎፈር ደፍተው የሚወጡ አባቶች አሉ።

ራቅ ሳንል፣ ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ቆላ የአፋርና የኢሳ አርብቶ አደር አገር ነው። ጸጉሩን በቅቤ አርሶ፣ ጠቅልሎና አንዠርግጎ የሚያሳምር የአፋር ጎልማሳ ገበያ ሲመጣ ማንም ሂፒ አይለውም። «ዋሪያ» እየተባለ የሚጠራው የድሬ ልጅ ግን በዚያው ልክ ቢያሳድግ «ምን ነካህ?» ይባላል። ልዩነቱ ጸጉሩ ላይ አይደለም፤ አንደኛው ከአባቱ ጋር ሲመስል ሌላኛው ከአባቱ ሲለይ ነው የሚታየው።

ይህን ስል ግን የልጆቹንም መልስ ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። «የአያቶቼ ነው» የሚለው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ጎፈሬውን ያየው በአያቱ ራስ ላይ አይደለም፤ በሬጌ ቪዲዮ ነው። አያትየው ከጦርነቱ በኋላ ተላጭተው ወደ እርሻቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ነገሩ ከእኛ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላ ትርጉም ለብሶ ነው የተመለሰው።

ታዲያ ድሬድ (ተገምዶ የሚያድገው ጸጉር) ከኢትዮጵያ ነው የሄደው?

ስሙና መንፈሱ ከእኛ ሄዷል፤ ጸጉሩ ራሱ ግን ከአንድ ቦታ ብቻ መጣ ለማለት አይቻልም።

ራስታፋሪ የሚለው የጃማይካ እምነት ስም የተወሰደው ከልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን ነው። ተፈሪ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙ በማይርቀው ኤጄርሳ ጎሮ ነው፤ አባታቸው ራስ መኰንን የሐረርጌ ገዥ ነበሩ፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው ይህንኑ አገር ገዝተዋል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ በጃማይካ የነበሩ ድኾች ጥቁሮች የትንቢት ፍጻሜ ነው ብለው ተቀበሉት፤ ከቀዳሚዎቹ ሰባኪዎች አንዱ ሊዮናርድ ሃወል ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ራስታዎች ሁሉ ጸጉራቸውን አልገመዱም፤ ልማዱ የጠነከረው በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስለ መነሻው የሚሰጡት ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው፦ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ናዝራዊ የሆነ ሰው ራሱን ምላጭ እንዳይነካው የሚያዘው ሕግ፣ የኢትዮጵያ ጦረኞች ፎቶግራፍ፣ የኬንያ ማው ማው ታጋዮች ጸጉር፣ ወደ ጃማይካ በሄዱ ሕንዳውያን ዘንድ የነበሩ መናንያን። እኔ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አስፈላጊ አይመስለኝም። ሰውየው መጽሐፍ ቅዱሱንም ጋዜጣውንም አብሮ ያነብብ ነበር። የራሳችን ባሕታውያን ጸጉርም ቢሆን ሳይበጠር ተገምዶ የሚኖር መሆኑን ማንም ያውቃል።

በጃማይካ ይህ ጸጉር ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1963፣ በስቅለት ሰሞን፣ ኮራል ጋርደንስ በተባለ ስፍራ ከተነሣ ግጭት በኋላ ራስታዎች በጅምላ ታስረዋል፣ ተደብድበዋል፣ የብዙዎቹም ጸጉር በግድ ተቆርጧል። የጃማይካ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው ከ54 ዓመታት በኋላ በ2017 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን የጎበኙት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጸጉራቸው የተገመደ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቀው ተቀብለዋቸዋል። ጃንሆይ ራሳቸው ግን ጸጉራቸውን የገመዱ ሰው አልነበሩም።

ቦብ ማርሊስ?

ድሬድን ከጃማይካ መንደሮች አውጥቶ በዓለም መድረክ ያቆመው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን ጎብኝቷል፤ ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ ግንቦት 1981 ሲያርፍም ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው። በካንሰር ሕክምናው ምክንያት ያ ጸጉር ከራሱ ላይ ቀድሞ ሄዶ ነበር። 60ኛ ዓመት ልደቱ በጥር 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በታላቅ ኮንሰርት ሲከበር፣ በእኛ ሰፈር ጎረምሶች ዘንድ «ራስታ» የሚለው ቃል የሃይማኖት ስም መሆኑ ቀርቶ የጸጉር ስም ሆነ፤ «ራስታ ሥሪልኝ» ሲባል የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሐረር ከሮክ ሙዚቃ ጋር ግንኙነት አላት ሲባል ሰምቼ ሳቅሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በአርቱር ራምቦ በኩል። ይህ ፈረንሳዊ ገጣሚ በ16 ዓመቱ ፓሪስ ሲገባ ጸጉሩን አሳድጎ፣ አንጨብርሮ፣ ታላላቆቹን ሁሉ እያስቀየመ የኖረ ልጅ ነው፤ ሠዓሊው ፋንታን ላቱር በ1872 ከሌሎች ገጣሚዎች ጋር በሣለው ሥዕል ላይ ያ ጸጉር በግልጽ ይታያል። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ተወና ነጋዴ ሆኖ በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ። በ1883 ሐረር ውስጥ ራሱን ባነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ጸጉሩ ያጠረ፣ ፀሐይ ያከሳው ሰው ነው፤ በ1887 ለቤተሰቡ ሲጽፍ ደግሞ ጸጉሬ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል ይላል፤ ዕድሜው ገና 32 ነበር።

የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሮከኞች የወደዱት ግን የፓሪሱን ጸጉራም ልጅ ነው። ጂም ሞሪሰን አንባቢው ነበር፤ ፓቲ ስሚዝም ስሙን ሳታነሣ የቀረችበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ራምቦ ሐረር ሳለ ይነግድ የነበረው ከራስ መኰንን ጋር ነው። በሚያዝያ 1891 እ.ኤ.አ. እግሩ ታምሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ፤ በዓመት ከሦስት ወሩ የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ ተወለዱ። የሮክ ጸጉርና የሬጌ ጸጉር የሚያወሱት ሁለቱም ስም በአንድ የጀጎል ገዥ ደጃፍ አልፏል። ጀጎል ውስጥ «ራምቦ ቤት» የሚባለውን ሙዚየም ለመጎብኘት የሚመጡ ቱሪስቶች ጸጉር ለምን እንደ ረዘመ የሚጠይቁ የሐረር ልጆች ካሉ መልሱ ይኸው ነው።

ሴቶችስ የት አሉ?

የሴት ረጅም ጸጉር ማንንም ስለማያስደነግጥ፣ የሴቶቹ አፈንጋጭነት በመቁረጥ ወይም ሳይተኩሱ በመተው ነበር። ሐረር ላይ ደግሞ ጸጉር የራሱ ሰዋስው አለው፤ ያገባች የሐረሪ ሴት ጸጉሯን ለሁለት ከፍላ ከጆሮዋ ኋላ ጠቅልላ ጉፍታ ታለብሰዋለች፤ ያየ ሰው ሳይጠይቅ ያውቃል። ጸጉር ሳይናገር ይናገራል የሚለውን ነገር ከፈረንጅ መማር አላስፈለገንም።

ሃይማኖት ይከለክላል?

እኔ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን የለኝም፤ የሚጠቀሱትን ብቻ ላስታውስ። በክርስቲያኑ በኩል ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥14 ወንድ ጸጉሩን ቢያስረዝም ነውር እንደሚሆንበት ጽፏል፤ በሌላ ወገን ናዝራዊው ሶምሶን ኃይሉ በጸጉሩ ነበር፤ ባሕታውያንም አሉ። በሙስሊሙ በኩል የነቢዩ ጸጉር አንዳንዴ እስከ ጆሮ ጫፍ፣ አንዳንዴም እስከ ትከሻ ይደርስ እንደ ነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ከዚህ ያለፈውን አባ ነፍስዎን ወይም ሼኽዎን ይጠይቁ።

የሜታል ባንዶች ሁሉ ጸጉራም የሆኑት ለምንድን ነው?

ግማሹ ከሂፒ የተወረሰ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጭንቅላትን ወደ ላይና ወደ ታች እየወዘወዙ መጫወት ያለ ጸጉር ስለማያምር ነው። ፓንክ የሚባሉት አፈንጋጭ ሮከኞች በ1976 ገደማ ጸጉራቸውን በአጭሩ የቆረጡት ደግሞ ረጅሙ ጸጉር ራሱ የባለጸጋ ሮከኞች ደንብ ልብስ ሆኖ ስለ ሰለቻቸው ነው። ሜታሊካ የተባለው የሜታል ባንድ አባላት በ1996 ጸጉራቸውን ተቆርጠው ሲመጡ አድናቂዎቻቸው እንደ ከዳተኛ አዩአቸው፤ እምቢታ ብሎ የጀመረው ነገር በ30 ዓመት ውስጥ ግዴታ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ለማሳደግ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የድሬን ሙቀትስ እንዴት ይቻላል?

ጸጉር በወር ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ በዓመት ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። የተጠቀለለ ጸጉር ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ያደገውን ያህል አይታይም፤ ትከሻ እስኪነካ ሁለት ዓመት ቢያልፍ አይገርምም። በቀን ከ50 እስከ 100 ነጠላ ጸጉር መርገፉ የተለመደ ስለሆነ ሚዶው ላይ የቀረውን አይተው አይደንግጡ።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች፣ ችግሩ ላብ፣ አቧራና ውኃ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረው ውኃ ጸጉርም ላይ ያንኑ ይሠራል፤ በዚህ ውኃ ተራ ሳሙና አረፋ ከማውጣት ይልቅ እንደ ሞራ ጸጉር ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ በሻምፑ ይታጠቡ፤ አብዝተውም ያለቅልቁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን ለጸጉር ብቻ መመደብ ከቤተሰብ ጋር እንደሚያጣላ ከራሴ አውቃለሁ። ማታ ልቅ አድርጎ ጎንጉኖ መተኛት ይረዳል። ሐረር ደጋ ስለሆነች ላቡ ይቀላል፤ ውኃው ግን እዚያም ያው ነው። ቅቤ ጥሩ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ላይ ግን ቀልጦ ኮሌታዎ ላይ ይወርዳል።

ድሬድ አይታጠብም የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ይታጠባል፤ እንዲያውም የታጠበ ጸጉር ቅባት ካለበት ይልቅ ቶሎ ይያያዛል። ዋናው ነገር በደንብ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ እንደ ሆነ ከተጠቀለለ ይሸታል፣ ይሻግታልም። በጣም አጥብቆ መገመድ ደግሞ ከግንባርና ከጆሮ አካባቢ ጸጉርን እስከ መጨረሻው ሊያሳጣ ይችላል፤ ሹሩባም እንዲሁ። ሲሠራ የሚያም ከሆነ «አላላልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ትምህርት ቤት ቢከለክለኝስ?

የትምህርት ቤቱን የሥነ ሥርዓት ደንብ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከበር ጠባቂው ጋር የሚደረገው ክርክር ደንቡን ሁለቱም ወገን ሳያነብቡት የሚደረግ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ኃላፊ በሰኞ ሰልፍ ላይ ከመሐል አናቴ ጀምሮ እስከ ማጅራቴ በመቀስ አንድ መንገድ አወጣብኝ፤ ቀሪውን ቤት ሄጄ እንድጨርሰው ነበር። እስከ ዛሬ የማስታውሰው የመቀሱን ቅዝቃዜና ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ ትከሻዬ ላይ የወደቀውን ጸጉር ቀስ ብሎ ማራገፉን ነው። ወላጅ ቢሆኑ ግን ልጅዎን ለዚያ ቀን አያጋልጡ፤ ደንቡ አጭር ካለ አጭር ይሁን፤ ክረምቱ የልጁ ነው።

ከተቆረጥሁ በኋላ ጸጉሩን ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው?

ጸጉር ቤቷ ውስጥ እንደ ቀልድ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩ ግን ከባድ ነው። ጆን ሌነንና ዮኮ ኦኖ እ.ኤ.አ. በጥር 1970 ዴንማርክ ውስጥ ጸጉራቸውን ተቆርጠው ለበጎ ዓላማ እንዲሸጥ ሰጥተዋል፤ ከሌነን ጸጉር ከዚያ ቀደም የተቆረጠ አንድ ቁራጭ በ2016 በ35,000 ዶላር በጨረታ ተሸጧል። የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ደግሞ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከአስከሬናቸው ላይ ተቆርጦ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በሞት ዐልጋቸው ላይ ሳሉ የሣላቸው ሠዓሊ ቤተሰቦች በ1959 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ሰጡት። ሙዚየሙ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሁለቱን ጉንጉን ለኢትዮጵያ ሲያስረክብ፣ ቋራ ሥላሴ ገዳም ካለው መቃብራቸው ጋር እንዲያርፍ ታስቦ ነው።

እናቴ የቤተሰቡን የተቆረጠ ጸጉር መሬት ላይ ተጥሎ ማየት አትወድም፤ ሰው ያገኘዋል ብላ በወረቀት ጠቅልላ በግድግዳው ስንጥቅ ትወትፈዋለች። በዚያ ሰኞ ከሰልፉ ይዤው የመጣሁትንም እዚያው አስገብታዋለች።